የሞክሼዎች መዝገብ፦ በሰሜን ሸዋ ስም የሚጋሩ ታዋቂ ሰዎችን ለይቶ ማስፈር

ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት መጽሔት፣ ለወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት ማውጫ ወይም ለዘር ሐረግ ጥናት «በዚህ ስም የሚታወቁ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ለሚያዘጋጁ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ስም ይሰበሰባል፣ በፊደል ተራ ይደረደራል፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ መስመር መግለጫ ይጨመራል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ዝርዝሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው አንድ አድርገው፣ አንዱን ሰው ደግሞ ለሦስት ከፍለው ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት ዝርዝሩን የውጭ አገር ሰዎች በቤተሰብ ስም እንደሚሠሩት አድርጎ መጀመር ነው። እኛ ዘንድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱም ይለወጣል። የሸዋን ነገሥታት ተመልከቱ። አስፋ ወሰን አምኃ ኢየሱስ፣ ወሰን ሰገድ አስፋ ወሰን፣ ሣህለ ሥላሴ ወሰን ሰገድ፣ ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴ፣ በመጨረሻም ሣህለ ማርያም ኃይለ መለኮት፣ ማለትም ዳግማዊ ምኒልክ። አምስት ትውልድ፣ አንድ ቤት፣ ዙፋኑም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፤ ግን በሁለተኛው ስም ብንደረድራቸው ሁለቱ እንኳ አንድ ቦታ አይገናኙም። በአንጻሩ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴና የመርሐ ቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አንድ መደብ ውስጥ ገብተው ዘመዳሞች ይመስላሉ። በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነትና ሰፊ አገር አለ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በላይኛው ክፍል ስሙ የራሳቸው የሆነ፣ በታችኛው ደግሞ ስሙ የአባታቸው የሆነ ይግቡ። ወንድማማቾች ሲኖሩ በታችኛው ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጡና «ወንድማማቾች» ብላችሁ ጻፉ። የቡልጋዎቹ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ግርማሜ ንዋይም እንዲሁ። ዝምድናው ካልተጻፈ አንባቢው የራሱን ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ወደ ሁለቱም በኩል ይሳሳታል።

ካርዱ

ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ያዙ። የወረቀት ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ በኮምፒውተር ከሆነ በሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ይሁን። የሚሞሉት እነዚህ ናቸው፦ ስም ከነአባትና አያት፤ የተፈለገው ስም የራስ ነው ወይስ የአባት፤ ሌሎች ስሞች (የክርስትና፣ የንግሥ፣ የፈረስ)፤ የመጨረሻ ማዕረግ፤ ሥራ፤ የትውልድ ቦታ በቀድሞውና በዛሬው አስተዳደር፤ የልደትና የሞት ዘመን ከነአቆጣጠሩ፤ ስሙ በየሰነዱ የተጻፈበት መልክ ሁሉ እንዳለ ተገልብጦ፤ መረጃው ከየት እንደተገኘ።

የአያት ስም ትርፍ ጌጥ አይደለም። ካሳ ኃይሉ ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ካርድ ላይ ይጋጫሉ። አንዱ የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያረፉት ናቸው። ሌላው የሰላሌው ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ፣ በእናታቸው በኩል የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ፣ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ የኖሩት ናቸው። የራስም የአባትም ስም አንድ ነው። ሦስተኛ ካሳም አለ፤ ካሳ ምርጫ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰነድ ላይ «ደጃች ካሳ» የሚል ብቻ ስታገኙ ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን ሳታዩ ወደ የትኛውም ካርድ አታግቡት።

አባትና ልጅ ስማቸው ሲገለባበጥ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። መኰንን እንዳልካቸው ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራስ ቢትወደድ ናቸው። እንዳልካቸው መኰንን ደግሞ ልጃቸው ናቸው፤ እሳቸውም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የሥራ መደባቸው እንኳ አንድ ነው። የውጭ ጽሑፍ የአባትን ስም አስቀድሞ በሰረዝ የሚጽፍ ከሆነ ሁለቱ ፈጽመው ይዋሐዳሉ። እዚህ ላይ የሚያድን ዘመኑ ብቻ ነው።

ሙያም ብቻውን አይለይም። አፈወርቅ የሚባል ሠዓሊ ስትፈልጉ ሁለት ታገኛላችሁ። አንዱ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት፣ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስኮቶች የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ሌላው የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው በደራሲነታቸው ቢሆንም ጣሊያን አገር ሥዕል የተማሩ ሠዓሊም ነበሩ። በምኒልክ ዘመን ስለ ነበረ «ሠዓሊው አፈወርቅ» የሚናገር ጽሑፍ የአንኮበሩን ሊያመለክት አይችልም፤ ገና አልተወለዱም።

ሞክሼ ፊደላት

ከሥራው ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። በሀ እና በአ ቤት ደግሞ ግዕዙና ራብዑ (ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ) እኩል ይነበባሉ። ውጤቱን በቁጥር እንየው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት። 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ተለያይቶም ተገጥሞም ሊጻፍ ስለሚችል 48። «ኃ/ሥላሴ» የሚለው አጭር ጽሑፍ ሲታከል 24 ተጨምሮ 72። ሁሉም በተግባር ላይገኝ ይችላል፤ ኮምፒውተር ግን 72ቱን 72 የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንዱን ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

በፊደል ተራ ሲደረደርም ያው ችግር ይመጣል። ሀይለ የሚለው ከሁሉ በፊት፣ ሐይለ ከለ ቤት ቀጥሎ፣ ኃይለ ደግሞ ከቸ ቤት በኋላ ከነ ቤት በፊት ይገባል። አንድ ስም ያላቸው ሰዎች በሦስት ገጽ ይበተናሉ።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። አንዱ የሚታተመው ትክክለኛ አጻጻፍ፣ ሌላው ለመደርደሪያና ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ። የስሙን ዓምድ ቅዱና በቅጂው ላይ «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ እነዚህን ተኩ፦

ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሁሉ ወደ ሀ፤ የሐ እና የኀ ቤት የቀሩት አምስት አምስት ፊደላት ወደየሀ ቤት አቻቸው (ሑ እና ኁ ወደ ሁ፣ ሕ እና ኅ ወደ ህ፣ እንዲህ እያለ)። ይህ 15 ምትክ ነው።
የሠ ቤት ሰባቱም ወደ ሰ ቤት፤ 7።
ኣ፣ ዐ እና ዓ ወደ አ፤ የቀሩት አምስቱ የዐ ቤት ፊደላት ወደየአቻቸው፤ 8።
የፀ ቤት ሰባቱም ወደ ጸ ቤት፤ 7።
ኰ ወደ ኮ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኈ ወደ ሆ፤ 4።

ጠቅላላው 41 ነው። ከዚያ ባዶ ቦታውን፣ ነጥቡንና ሰረዙን አጥፉ። እዝባሩን (/) ግን ገና አትንኩት፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እንመጣለን። ምትኩን በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ያደረገ ሰው ትክክለኛውን አጻጻፍ መልሶ አያገኘውም፤ «ሀ» የሆነው ከሐ ይሁን ከኀ ምልክት አልቀረምና። ፋይሉን ከመጀመራችሁ በፊት በሌላ ስም አስቀምጡ።

ቁልፉ የማይሸፍናቸው ልዩነቶች አሉ። ማርያም እና ማሪያም፣ ጊዮርጊስ እና ጊዎርጊስ፣ ኢየሱስ እና እየሱስ፣ ምኒልክ፣ ምንይልክ እና ሚኒሊክ፣ ዘርዐ ያዕቆብ እና ዘረ ያዕቆብ። እነዚህን በዓይን እያዩ ማሰባሰብ ይሻላል። መሣሪያው እንዲያዋሕዳቸው ከተተወ የማይገባውንም ያዋሕዳል።

በታተመው ዓምድ ላይ የትኛው ይጻፍ? ለሞቱ ሰዎች የግዕዙን ሥር ተከተሉ። ኃይል በኀ ነው፤ ኅሩይ፣ አምኃ እና መድኃኔም በኀ ናቸው። ሐዋርያት በሐ። ሃይማኖት እና ሀብት በሀ። ሥላሴ፣ ንጉሥ፣ መንግሥቱ በሠ። ሣህል በሠ እና በሀ ነው፤ ሳሕል ብሎ የሚጽፍ ሁለቱንም ስቷል። ጸጋ፣ ጻድቅ፣ ጽዮን በጸ፤ ፀሐይ በፀ። ዘርዐ፣ ዐምደ፣ ያዕቆብ በዐ። ወሰን እና ሰገድ ግን በእሳቱ ሰ ናቸው፤ «ወሠን ሠገድ» ብሎ ሠ ማብዛት አዋቂነት የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። ቡልጋ የተወለደችው ቅድስት ስሟ ክርስቶስ ሠምራ ነው፤ በሠ። ፊደሉ ትርጉም የሚለውጥበትም ቦታ አለ፤ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ደግሞ ሌባ ያደርጋል። ሠርቀ ብርሃን የሚባል ሰው ስሙ በሰ ሲጻፍበት ብርሃኑን እንደ ሰረቀ ይቆጠርበታል፤ የቆሎ ተማሪ ይህን ካየ አይምርም።

በሕይወት ላለ ሰው ግን ሥር ፍለጋ አትግቡ፤ ራሱ በሚፈርምበት መልክ ጻፉ። ሰነድ ስትጠቅሱም ሰነዱ እንዳለው ገልብጡ እንጂ አታርሙ።

ስሙ የቁልምጫ ወይም የአጭር መልክ ሲኖረው አትዘርጉት። ኃይሌ፣ ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ፣ ሀብቴ ራሳቸውን የቻሉ የመዝገብ ስሞች ናቸው። የአሰላው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ «ኃይለ ገብረ ሥላሴ» ብሎ ማስተካከል ማበላሸት ነው። የአፈወርቅ ተክሌም የአባት ስም ወደ «ተክለ …» አይዘረጋም።

አሮጌ ፋይሎችን በሚመለከት አንድ ነገር፦ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ቅርጸ ፊደላት የተተየበ ጽሑፍ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ካልሆነ ፍለጋ አይቀበልም። ስሙ በዓይን እየታየ ፍለጋው ባዶ ከመለሰ ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በቀር መተየብ ግድ ነው። በስካነር ከተነሣ አሮጌ ኅትመት ሲገለበጥ ደግሞ ኀ እና ነ ይምታታሉ፤ ኅሩይ «ንሩይ» ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ የፊደሉ ቅርጽ ነው።

እዝባር

በቀበሌ መዝገብ፣ በትምህርት ቤት ዝርዝርና በመቃብር ድንጋይ ላይ ስም በእዝባር ያጥራል። ገ/ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ገብረ ነው። ሌሎቹ ግን እንዲህ አይታመኑም። ወ/ ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ለሴት ወለተ ነው፣ አንዳንዴም ወርቀ። ተ/ ተክለ ወይም ተስፋ። ሀ/ በትክክል የጻፈ ሰው ከሆነ ሀብተ ነው፣ ፊደል የማይለይ ከሆነ ኃይለም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ «ሀ/ማርያም» የሚለውን ያለ ሌላ ማስረጃ መዘርጋት አይቻልም፤ ሀብተ ማርያምም ኃይለ ማርያምም እኩል የተለመዱ ስሞች ናቸው።

ደንቡ ይህ ነው፦ የተዘረጋውን መልክ ከሌላ ሰነድ ካላገኛችሁ እዝባሩን እንዳለ ተዉት፤ ካርዱንም «ያልተዘረጋ» በሚል ክምር ለይታችሁ አኑሩ። ቁልፉ ውስጥ እዝባር የሚጠፋው ስሙ ከተዘረጋ በኋላ ብቻ ነው። ሲታተም ደግሞ እዝባር አትጠቀሙ፤ ቦታ ቆጥቦ አንባቢን ማደናገር ነው።

ሰውየው ሌላ ስም ሲኖረው

በቤተ ክርስቲያን የሙታን መዝገብ ላይ ሰውን በዓለም ስሙ ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው፤ ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ የተጻፈውም በዚያው ነው። የክርስትናውን ስም ከቤተሰብ ሳትጠይቁ ወደ ደብሩ መሄድ እግር ማድከም ነው።

የንግሥ ስም ሰውን ሙሉ በሙሉ ከቀድሞ ስሙ ይነጥቃል። ሣህለ ማርያም ምኒልክ፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ፣ የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆነዋል። ካርዱ አንድ ይሁን፤ ከሌላው ስም ግን «ተመልከት» የሚል መምሪያ ይኑር። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም ኋላ አምኃ ሥላሴ ተብለዋል፤ ስለዚህ በአስፋ ወሰን ገጽ ላይ ከሸዋው አስፋ ወሰንና ጀርመን አገር ከሚኖሩት ደራሲ ከአስፋ ወሰን አሥራተ ጋር ይቀመጣሉ፣ በአምኃ ሥላሴ ገጽም መምሪያ ይደረግላቸዋል።

የፈረስ ስም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠ መለያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። በፉከራ፣ በቀረርቶና በሙሾ ሰውየው የሚነሣው በእሱ ነው። አባ ዳኘው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፣ አባ ታጠቅ አፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ አፄ ዮሐንስ፣ አባ ጠቅል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አባ ዲና ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባ ቃኘው ራስ መኰንን፣ አባ ጥጉ ራስ ጎበና ዳጬ። ሁለት ካሳዎች በአንድ ግጥም ቢምታቱባችሁ የፈረሱ ስም ወዲያው ይለያቸዋል።

ማዕረግ ግን ደካማ መለያ ነው፤ በዕድሜ ይለወጣል። ግራዝማች የነበረው ቀኛዝማች፣ ደጃዝማች የነበረው ራስ ይሆናል። በማዕረግ አትደርድሩ፤ የመጨረሻውን ጻፉና ተዉት። ሴቶች በጋብቻ ስም ስለማይለውጡ በኩላቸው ቀለል ይላል፤ ይሁንና ተናኘወርቅ የሚል ስም ስታገኙ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የራስ መኰንን እናት የሆኑት ወይዘሮ ናቸው ወይስ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ የአባት ስም ሳታዩ አትወስኑ። የኋለኛዋ ለፊተኛዋ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው።

ዘመንና ቦታ

ዓመቱን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ያልተከተለው ቁጥር እንዳይኖር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ቀኑን ሳያዩ 7 መቀነስ የት እንደሚያደርስ የአበበ ቢቂላ የሮም ድል ያሳያል። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ቀን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። በማግስቱ ቢሆን 1953 ይሆን ነበር። ብዙ ጽሑፍ ላይ «1953» ተብሎ የሚገኘው በዚህ ነው። የቶኪዮው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

አበበ የሚለውን ስም ካነሣን፣ የውጭ ጋዜጦች ሯጩን «ቢቂላ» ብለው ብቻውን ይጠሩታል፤ ያ የአባቱ ስም ነው። በሸዋ ገጽ ላይ ከእሱ ጋር የሚቀመጡት አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተገደሉት። ሁለቱን የሚያምታታ ላይኖር ይችላል፤ «አበበ» ብቻ የሚል የመንገድ ወይም የትምህርት ቤት ስም ሲገኝ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቦታ ላይ አሁን «ሰሜን ሸዋ» የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ በአማራ ክልል፣ ማእከሉ ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ ማእከሉ ፍቼ። «ሰሜን ሸዋ ተወለደ» ብቻ ማለት አይበቃም። በቀድሞው አስተዳደር ደግሞ አውራጃዎቹ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ፣ ሰላሌ ነበሩ፤ የቆየ ሰነድ የሚጠቅሰው እነዚህን ነው። «ተጉለትና ቡልጋ» የሚል ሲገኝ ሰፊ አገር ስለሆነ እስከ ደብሩ ወይም እስከ አጥቢያው ውረዱ። አበበ ቢቂላ የተወለደባት ጃቶ በጊዜው በሰላሌ ሥር ነበረች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ የተወለዱት መርሐ ቤቴ ውስጥ ደን በተባለ ቦታ ነው። ሁለቱንም አስተዳደር፣ የያኔውንና የዛሬውን፣ ጎን ለጎን ጻፉ።

ተሠርቶ ሲያልቅ

አንድ ገጽ ተሠርቶ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

ሣህለ ሥላሴ
(ሳህለ ሥላሴ፣ ሳሕለ ሥላሴ፣ ሣህለሥላሴ፣ ሳህለስላሴ፣ ሣ/ሥላሴ)

የራስ ስም
ሣህለ ሥላሴ ወሰን ሰገድ፤ የሸዋ ንጉሥ፤ የፈረስ ስም አባ ዲና፤ መቀመጫ አንኮበር፤ 1813–1847 እ.ኤ.አ. የገዙ።
ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፤ ደራሲና ተርጓሚ፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በቻሃ የጻፉ።
ሣህለ ሥላሴ ኃይለ ሥላሴ፤ ልዑል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ወንድ ልጅ፤ 1932–1962 እ.ኤ.አ.።

የአባት ስም
ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴ፤ የሸዋ ንጉሥ፤ 1847–1855 እ.ኤ.አ. የገዙ።
ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ፤ ራስ፤ የሰላሌ ገዥ። የኃይለ መለኮት ወንድም።
ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ፤ ወይዘሮ፤ የራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል እናት። የሁለቱ እኅት።

ተመልከት፦ ለሣህለ ማርያም ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ (ዳግማዊ) የሚለውን።

በአንድ ሰው ላይ ከሃያ ቃል አትለፉ። ዝርዝር እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ «ታላቁ»፣ «ዝነኛው»፣ «ጀግናው» የሚሉት ሁሉ ይውጡ። ሰው የገባበትን ምክንያት ሥራው ይናገር። በራሱ ስም ብዙ ሰው ካለ ከቀደመ ዘመን ወደ ኋለኛው አስከትሉ፤ እኩል ዘመን ያላቸውን ብቻ በአባት ስም ፊደል ተራ።

የሰማይና የምድር ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ለየት አድርጉ። በተክለ ሃይማኖት ገጽ የቡልጋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ሁለት የጎንደር ነገሥታት፣ የጎጃሙ ንጉሥና ከ1976 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. የነበሩት ፓትርያርክ ይገናኛሉ። ጻድቁና ፓትርያርኩ ሁለቱም «አቡነ» ናቸው፤ አንዱ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ሌላው በእኛው ዘመን። ጻድቁን ብቻ ለይቶ ከላይ ማስቀመጥ በአገራችን አንባቢ ዘንድ የተለመደና የሚጠበቅ ነው። የዘርዐ ያዕቆብ ገጽ ላይ ግን ንጉሡ ይቅደሙ፤ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው (1434–1468 እ.ኤ.አ. የገዙ)። ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ይከተል፤ ድርሰቱ የማን እንደሆነ ሊቃውንት ስለሚከራከሩበት «በስሙ የሚታወቀው ሐተታ» በሉ እንጂ «የጻፈው» አትበሉ። ልዑል ዘርዐ ያዕቆብ አምኃ ሥላሴ መጨረሻ።

ሰው ስትጠይቁ

ለአካባቢ ሰዎች ከወረቀት ይልቅ ሽማግሌ ይቀድማል። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ወይም በሰንበቴ ላይ ይሻላል፤ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ቦታ ስለሚገኝ አንዱ ሌላውን ያርመዋል። ካህን ከሆኑ መምሬ፣ መምህር ከሆኑ የኔታ፣ ሌላውን አባባ ወይም እማማ ብላችሁ በእርስዎ ጠይቁ። ስሙን ራሳችሁ አስቀድማችሁ አትናገሩ። «ኃይለ ማርያም ማሞን ያውቋቸዋል?» ካላችሁ መልሱ «አዎ» ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ስም ይለጠፋል። «በጣሊያን ጊዜ በዚህ አገር የተዋጋ ማን ነበር? የማን ልጅ? አያቱስ? ፈረሱ ማን ይባል ነበር? የት ተቀበረ?» ብላችሁ ጀምሩ። ስሙ ከእሳቸው አፍ ይውጣ።

ኃይለ ማርያም ማሞን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1930 ዓ.ም. የወደቁት አርበኛ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለተሰየመላቸው ስማቸው በየተማሪው ምስክር ወረቀት ላይ አለ፤ በፍለጋም «ኃይለማርያም» የሚለው ከሰውየው ይልቅ ትምህርት ቤቱን ያወጣል። ለሰውና በሰው ስም ለተሰየመ ተቋም ሁለት ካርድ ይኑር። በዚያው ገጽ የራስ ስም በሚለው ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ፣ የአባት ስም በሚለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ይገባሉ።

ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ የአያት ስም ከሰጧችሁ አንዱን አትምረጡ፤ ሁለቱንም ካርዱ ላይ ጽፋችሁ ሦስተኛ ሰው ፈልጉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንደኛው የእናት ወገን አያት ስለሚቆጥሩ ነው። በሸዋ የእናት ወገን ከፍ ያለ ከሆነ ሰው በእሱ ይጠራል፤ ራስ ካሳን ከዳርጌ ጋር አያይዞ መጥራት ከዚህ የመጣ ነው።

የታተመውን ረቂቅ ለአንድ የቅኔ ሰውና ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስጡ። የቅኔው ሰው ፊደሉን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ድርድሩን ያያሉ። እርማታቸውን በካርዱ ላይ ከነቀኑ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን እንደገና አውጡና ዝርዝሩን ዳግም ደርድሩ፤ ያረማችሁት ስም በአሮጌው ቦታው ተቀምጦ እንዳይቀር።